የተሳቢው አንገት

ይህ ታሪክ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬበት ከተገኘሁ ምላሴ ይተሳሰር፤ አማቴም ሻንጣዋን ይዛ መጥታ ዓመት ሙሉ ትቀመጥብኝ። የነገረኝ ጉዳዩን የያዘው ኢንስፔክተር ራሱ ነው። እሱ ደግሞ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ቢዋሽም ለእኔ አይዋሽም።

ኢንስፔክተሩን ባልደረቦቹ «አፍንጫው» ይሉታል፤ ፊት ለፊቱ ግን አይሉትም። ውሸት የሚሸተው ሦስት ግድግዳ አልፎ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ሌባ ስልክ አንስቶ «ሃሎ» ስላለው ብቻ «የሰረቅከውን መልስ» ብሎት፣ ሰውዬው ዕቃውን በታክሲ ልኮለታል። ከዚያ ወዲያ በዚያ ሰፈር ስልክ የሚያነሳ ሌባ የለም።

እንዲህ ያለው ሰው ነው በዚያ ጠዋት፣ ከከተማው መውጫ ባለው የመንገድ ቁጥጥር ኬላ ጓሮ፣ ጠጠሩ ላይ ቁጢጥ ብሎ አስከሬን የሚያየው።

ሟቹ የኬላው ለኪ ነበር። ከባድ መኪና ከነተሳቢው ከአሥራ ስምንት ሜትር መብለጥ የለበትም ይላል ሕጉ፤ ከኬላው በታች ያለውን መታጠፊያ ያየ ሰው ለምን እንደሚል አይጠይቅም። እባብ እንኳ ቢሄድበት ወገቡን የሚቀጭ መታጠፊያ ነው። ረጅም ተሳቢ እዚያ ሲዞር ጅራቱ ከወዲያ የሚመጣውን መኪና ጠርጎ ገደል ይከተዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ተሳቢ ወደ ኬላው ጓሮ ይገባል፣ ይለካል፣ ይወጣል። ለኪውን መንገደኛው ሁሉ «ጋሽ ሜትር» ነበር የሚለው። ጋሽ ሜትር የማንንም ፊት አይቶ የሚያልፍ ሰው አልነበረም። ባቡር መንገድ ስቶ ቢመጣበት ባቡሩን አስቆርጦ ነበር የሚያሳልፈው።

«ደረቱም ጀርባውም እኩል ተጨፍልቋል» አለች ሳጅኗ። ቀጭን ሴት ናት፤ በዓመት አንዴ ትስቃለች፤ እሱም የሰው ሹመት ሲሻር ነው።

«መኪና ገጭቶት ይሆን?»

«መኪና ቢገጨው ይወረውረው ነበር። ይሄ ሰውዬ የትም አልተወረወረም። በቆመበት ተጨምቆ በቆመበት ወርዷል። የጎማ ምልክትም የለበትም።»

ኢንስፔክተሩ ዙሪያውን ቃኘ። ከአስከሬኑ ብዙ ሳይርቅ ሁለት የእንጨት ታኮዎች ጠጠሩ ውስጥ ተቀርቅረው ቀርተዋል። ጎማ እንዳይንሸራተት የሚደረጉ፣ ሹፌር ሁሉ የሚይዛቸው ዓይነት ናቸው። ጓሮው ግን እንደ ጠረጴዛ ሜዳ ነው።

«ሜዳ ላይ ታኮ የሚያደርግ ማን ነው?» አለ።

«ፍሬኑን የማያምን።»

«ወይም ተሳቢው ባለበት እንዲቆምለት የፈለገ።» ወደ ሟቹ ወገብ ጎንበስ አለ። መለኪያው ሜትር ከቀበቶው ጋር እንደተጠቀለለ ተንጠልጥሏል። «አልተዘረጋም። መለካት ሳይጀምር ነው የሞተው።»

ከዚያ ጓንቱን አገኙ። አንድ የቀኝ እጅ ወፍራም የቆዳ ጓንት ከሟቹ እጅ አንድ ክንድ ርቆ ወድቋል። የጣቶቹ ጫፍ ተለብልቦ ጠቁሯል፤ መዳፉ ላይ ትኩስ ግራሶ አለ።

«የበያጅ ጓንት» አለ አፍንጫው፤ አሸተተው። «ከገዳዩ እጅ ታግሎ ያወለቀው ነው።»

ሳጅኗ ጓንቱን አየች፣ ኢንስፔክተሩን አየች፣ ጓንቱን ከረጢት ውስጥ ከተተችው።

*

የኬላውን እንጨት የሚያነሳውና የሚጥለው በር ጠባቂ ወሬ የሚወድ ሰው ነበር። ያን ዕለት ግን ቃላቱ ጉሮሮው ላይ እየተጋፉ ይወጣሉ።

«ጠዋት የገባው አንድ ተሳቢ ብቻ ነው፣ ጌታዬ። የእሽቅድድም መኪና የሚጭነው። የቀስታ ተሳቢ።»

«ቀስታ ማን ነው?»

«ሹፌሩ! ሲነዳ ኤሊ ጥሩንባ ትነፋበታለች። የእህቱ ልጅ ደግሞ ጥይት ነው የሚባለው፣ ተወዳዳሪው። ዘንድሮ አንደኛ የሚወጣው እሱ ነው አሉ። ውድድሩ ነገ ነው።»

«ቀስታና ጥይት ከአንድ ቤት?» አለች ሳጅኗ።

«ከአንድ ቤት! ልጁን ያሳደገው አጎትየው ነው፤ አባትም እናትም ሆኖ። ጥይት ይሮጣል፣ ቀስታ መሮጫውን ተሸክሞለት ይዞራል።»

«ወደ ጓሮ ሲገባ ጋሽ ሜትር የት ነበር?»

«ጓሮውን ከዚህ አላይም፤ ቢሮው ይጋርደዋል። ብቻ ቀስታ ዞሮ መጣ። ‹ለካህ?› አልኩት። ‹ተለካሁ› አለኝ። እንጨቱን አነሳሁ። ሄደ። ትንሽ ቆይቶ የጋሽ ሜትርን ሚስት ጩኸት ሰማሁ።»

«ጠብ ነበራቸው?»

ጠባቂው ግራ ቀኝ አየ። «ባለፈው ሳምንት ጥይትና ጋሽ ሜትር እዚሁ ጓሮ ተጯጩኸዋል። የምን እንደሆነ አልሰማሁም። መጨረሻውን ግን መንደሩ ሁሉ ሰምቶታል። ጥይት በመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ ‹አንድ ቀን አንተንም ይለኩሃል!› አለው።»

ኢንስፔክተሩና ሳጅኗ ተያዩ። ከቢሮው ወዲያ አናጢ እንጨት ይዞ ደርሶ ነበር፤ ለሬሳ ሳጥኑ ቁመት ሊወስድ።

የሟቹ ሚስት ከጓሮው ጋር ግድግዳ በምትጋራው የመንግሥት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ የምድጃውን እሳት ታያለች። የሟቹ መሥሪያ ቤት መምሪያ ኃላፊ ከፖሊስ ቀድመው ደርሰው፣ በሩ ላይ ቆመው ረጅም ንግግር አድርገዋል፦ ለሕግ የወደቀ፣ አንዲት ጣት ያላሳለፈ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ኩራት። በሥራው ላይ በወንጀለኛ እጅ የሞተ ሠራተኛ ቤተሰብ ከቤቱ አይወጣምና፣ እሷና ሦስት ሴት ልጆቿ እዚሁ ይኖራሉ።

«እትዬ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎ። ምን አዩ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ቁርሱን ይዤ ወጣሁ። ወድቆ አገኘሁት።»

«ተሳቢው ነበር?»

«ሄዷል።»

«ሰውስ አላዩም?»

«ወድቆ አገኘሁት» አለች ደግማ።

አፍንጫው ኀዘን ሸተተው። ኀዘን ደግሞ፣ እሱ ራሱ እንደነገረኝ፣ ሌላውን ሽታ ሁሉ ይሸፍናል።

*

የውድድር ሜዳው ላይ ተሳቢውን ለማግኘት መፈለግ አላስፈለገም። እንዲያ ያለ ተሳቢ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም! አፉ ከተማ ሲገባ ጅራቱ ገና ያለፈው ከተማ ምሳ እየበላ ነው። ሁለት የእሽቅድድም መኪና፣ ከኋላቸው ሙሉ ጋራዥ፣ ከጋራዡ በላይ የጎማ መደርደሪያ። ሰማያዊ ቀለሙ ላይ እሳት ተስሎበታል።

ቀስታ ከካቢናው ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። ትልቅ ሰውነት፣ ትንሽ ድምፅ። ጋሽ ሜትር መሞቱን ሲሰማ ቆቡን አወለቀ፤ ደጋግሞ በእጁ አዞረው።

«መቼ?» አለ።

«አንተ ካለፍክ በኋላ። ወይም ሳታልፍ። ለክቶሃል?»

«ለክቶኛል።»

«ሜትሩ ወገቡ ላይ እንደተጠቀለለ ነበር።»

ቀስታ ቆቡን መልሶ ደፋ። ዓይኑ ሳያዘው ወደ ቡድኑ ድንኳን ሄደ። እዚያ አንድ ለግላጋ ወጣት ጎማ እየቀየረ ነው፤ ግንባሩ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት አለ። ኢንስፔክተሩ ሲነግረኝ የሰጎን እንቁላል ነው ያለው፤ እኔ ነኝ የቀነስኩት።

«ጥይት አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ከጓደኛዬ ጋር በሱ መኪና በጊዜ መጣሁ። መንገዱን በእግሬ ስዞር ነበር።»

«ግንባርህስ?»

«በር ነው።»

«በሩ መትቶህ ነው አንተ መትተኸው?»

ጥይት አልሳቀም። አጎቱን አየ፤ አጎቱ መሬት መሬት ያያል። ኢንስፔክተሩ ያን አስተያየት በሚገባ ያውቀዋል። ሁለት ሰዎች አንዱ ሌላው ያደረገውን የሚያውቅ ሲመስለውና ለመጠየቅ ሲፈራ እንዲያ ነው የሚተያዩት።

ሳጅኗ ሜትር ዘርግታ መኪናውን ከአፍ እስከ ጅራት ለካችው። ሁለት ጊዜ ለካችው።

«ሕጋዊ ነው» አለች። «ከአሥራ ስምንት ሜትር ትንሽ ያንሳል።»

ኢንስፔክተሩ ድስቱ እንደ ፈሰሰበት ሰው ቆመ። ሕጋዊ ተሳቢ ያለው ሰው ለኪን ለምን ይገድላል? ምክንያቱ ከእጁ አፈትልኮ ሲወጣ ይታወቀዋል። በንዴት መኪናውን ሲዞር የካቢናውን የኋላ ማዕዘን አየ። ጠርዙ ተጨራምቷል፤ ጭረቱ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ግድግዳ ነው» አለ ቀስታ።

«ሰማያዊ ግድግዳ? እሳት የተሳለበት?» ጣቱን ጭረቱ ላይ አሳለፈ። «ተሳቢህ የገዛ ካቢናህን ገጭቷል። መታጠፊያው ላይ ሲዞር የሚነካካ አድርጎ ይህን ያህል አስጠግቶ የሠራው የትኛው እብድ ነው?»

ቀስታ ጭረቱን በመዳፉ ሸፈነው። መልሱ ግን ስሙ ተሳቢው ላይ በታተመ፣ ከከተማው ማዶ ባለ የብየዳ ሱቅ ውስጥ ነበር።

*

በያጁ ጓንቱን ሲያይ ሳቀ። ከመሳቢያው ሁለት ጓንት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣላቸው።

«የእኔ እስከ ክርኔ ይደርሳሉ። ይሄ የሕፃን ነው። በዚህ ብየዳ ብሠራ እስካሁን በእግሬ ነበር የምበላው።»

«ታዲያ ጣቱን ምን ለበለበው?»

«እኔ ምን አውቄ? እሳት።»

አፍንጫው አልተበገረም። «የቀስታን ተሳቢ የሠራኸው አንተ ነህ። እዚያ ኬላ ጓሮ ሰው ሞቷል። ወይ ታወራኛለህ ወይ ከእኔ ጋር ትሄዳለህ።»

የበያጁ ፈገግታ ጠፋ። መዶሻውን አስቀምጦ ተቀመጠ።

«የእሽቅድድም ቡድን ሁሉ እኔ ዘንድ ነው የሚመጣው» አለ። «መኪናው በየዓመቱ ይረዝማል፣ ዕቃው ይበዛል፤ ሕጉ ግን ያው ነው። እኔ ምን ላድርግ? አንገቱን እሠራላቸዋለሁ።»

«የምን አንገት?»

«ተሳቢውን ከመኪናው የሚያያይዘው ብረት ነዋ! አንዱ ብረት አንዱ ውስጥ ይገባል፣ እንደ መሳቢያ። በፒን ይያዛል። ሲወጣ ተሳቢው ራቅ ይላል፤ መዞርም ይመቻል። ሲገባ ይጠጋል፤ ሜትር አይደርስበትም። ኬላ ላይ ታስገባዋለህ፣ ኬላውን ስታልፍ ታወጣዋለህ።»

ኢንስፔክተሩ ልቡ ሲመታ ጎረቤት ሱቅ ድረስ ተሰምቷል።

«አገባቡን አሳየኝ።»

በያጁ በጠመኔ መሬት ላይ ሣለ። «ተሳቢው እንዳይሸሽ ከጎማው ኋላ ታኮ ታደርጋለህ። አንድ ሰው በመኪናውና በተሳቢው መሃል ገብቶ የፒኑን እጀታ ስቦ ይይዛል፤ ስፕሪንግ ስላለው ከለቀቀው ይመለሳል። ሹፌሩ ወደ ኋላ ይመጣል። መሃል ያለው ሰው በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ‹ና፣ ና› ይላል። ብረቱ መንገዱን ሲይዝ እጀታውን ለቆ በፍጥነት ይወጣል። ፒኑ ራሱ ‹ቀጭ› ብሎ ይገባል።»

«ካልወጣስ?»

በያጁ ጠመኔውን አስቀመጠ። «ካልወጣ እዚያ የሚቀረው ቦታ ለሰው የሚበቃ አይደለም።»

ሳጅኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ማስታወሻዋን ዘጋች።

«ያን እጀታ የሚይዘው ማን ነው?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ረዳቱ። ለእነሱ ሁልጊዜ ጥይት ነው።»

«በጓንት?»

«ያለ ጓንትማ እጁን ይልጠዋል።»

*

የጥይት ጓደኛ አብሮት እንዳልመጣ በስልክ አመነ። ጣቢያው ውስጥ፣ ቀለሙ በተላጠ ግድግዳ ሥር፣ ጥይት ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

«ተኝቼ ነበር» አለ።

«የት?»

«መኪናው ውስጥ። የእሽቅድድሙ መኪና ውስጥ፣ ተሳቢው ላይ። ተጭኖ መሄድ ክልክል ስለሆነ ነው የዋሸሁት። ሌሊቱን ሞተር ስንፈታ ስላደርን ቀበቶዬን ሳላስር ነው እንቅልፍ የወሰደኝ። የሆነ ቦታ መኪናው ገጭ ሲል ግንባሬ መሪው ላይ አረፈ። ከዚያ መልሼ ተኛሁ።»

«መልሰህ ተኛህ!» አለ ኢንስፔክተሩ። «ግንባርህ እንዲህ አብጦ መልሰህ ተኛህ!»

«ጥይት ነኝ እንጂ ዘበኛ አይደለሁም። እኔ ስተኛ እተኛለሁ።»

«‹አንድ ቀን አንተንም ይለኩሃል› ያልከውስ?»

ወጣቱ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ምላሴ ነው። ተናድጄ ነበር። ጋሽ ሜትር ክፉ ሰው አልነበረም፤ እውነቴን ነው፣ ክፉ አልነበረም።»

«ታዲያ ለምን ተጣላችሁ?»

ጥይት እጁን ከፊቱ አወረደ። «የሞተ ሰው ስም አላነሳም» አለ።

ኢንስፔክተሩ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ለሳጅኗ ነገሩን ሁሉ እንደ ምንጣፍ ዘረጋላት። ረጅም ተሳቢ፤ ማሳጠሪያ አንገት፤ ያገኛቸው ጥብቅ ለኪ፤ ነገ የሚያመልጥ ውድድር። ጥይት እጀታውን ይዞ ሳለ ጋሽ ሜትር ሊያይ መሃል ገባ። ጥይት ዘሎ ወጣ፤ አጎቱን ግን ‹ና፣ ና› ማለቱን አላቆመም።

«በአጎቱ መኪና፣ በአጎቱ እግር ገደለው» አለ። «የዕድሜ ልክ ነገር ነው።»

«ልጁ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው» አለች ሳጅኗ።

«ጋሽ ሜትርስ ልጆች የሉትም?»



*

በማግስቱ፣ ከውድድር ሜዳው በኩል የሌሎች ቡድኖች ሞተር እንደ ንብ ሲያጉረመርም፣ የጥይት መኪና ከነተሳቢው ኬላው ጓሮ ቆሞ ነበር። ኢንስፔክተሩ ሁሉንም ሰብስቧል፦ በር ጠባቂው፣ በያጁ፣ መምሪያ ኃላፊው ከነከረባታቸው፣ ጥይት በሁለት ፖሊስ መሃል። ቀስታ ካቢናው ውስጥ ነው። አንገቱ ወጥቷል። ታኮዎቹ ተቀርቅረዋል። በመኪናውና በተሳቢው መሃል፣ በሰው ምትክ፣ አሸዋ የሞላ ጆንያ ቆሟል።

በያጁ በረጅም ብረት ከጎን ሆኖ ፒኑን ሳበ።

«ና!» አለ ኢንስፔክተሩ።

ቀስታ የኋላ ማርሽ አስገባ። መኪናው እንደ ሹፌሩ ስም ቀስ አለ። ብረት በብረት ውስጥ ሲንሸራተት ተሰማ። «ቀጭ።» ጆንያው ፈነዳ፤ አሸዋው ጠጠሩ ላይ ፈሰሰ።  እኔ ባልኖርም፣ የነበሩት ሁሉ እንደሚሉት፣ ያን ሰዓት ንፋሱ ራሱ ቆሟል።

«ውረድ።»

ቀስታ ወረደ። በሩን ተደገፈ።

«ያን ጠዋት በስፖኪዮ ምን አየህ?»

«እጅ።»

«ምን የሚል?»

«ና የሚል። ከዚያ እጁ ጠፋ፤ ፒኑ ገባ። ጥሩንባ ነፋሁ፤ ጋሽ ሜትር አልመጣም። የውድድሩ መመዝገቢያ ሊዘጋብን ነው። ተለካሁ ብዬ አለፍኩ።»

«እጁ ጓንት ነበረው?»

«ፒኑን የያዘው ነበረው።»

«የማን እጅ ነው?»

ቀስታ የእህቱን ልጅ አየው። አጭር አስተያየት ነበር፤ ከልጁ የመጀመሪያ እርምጃ እስከዚያች ደቂቃ ያለው ሁሉ ግን በውስጡ አለ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ሆን ብዬ ነው። እጅ አላየሁም። ዋሽቼ ነው። እኔ ነኝ የገደልኩት፤ ልጁን ልቀቁት።»

«አጎቴ!» ጥይት ከፖሊሶቹ እጅ ሊወጣ ታገለ። «ምን ትላለህ? እኔ ወርጄ መሰለህ? አልወረድኩም! ተኝቼ ነበር! በእናቴ አፈር አልወረድኩም!»

«ዝም በል።»

«አንተም አታምነኝም?»

ቀስታ ፊቱን አዞረ። ጥይት መታገሉን አቆመ። ትከሻው ወረደ፤ እንደ ሕፃን እንባው ግጥም አለ።

አፍንጫው ይህን ጊዜ ነው መሃል የቆመው። ንግግሩን ብትሰሙት! አሥር ጠበቃ ተሰብስቦ አይመልስለትም። ታኮውን አነሳ፣ ጭረቱን አነሳ፣ ጓንቱን ከፍ አድርጎ አሳየ፣ ዛቻውን በጥይት ድምፅ ደገመ። «ይህ ሰው» አለ፣ «በሕይወቱ አንዲት ጣት አላሳለፈም። ስለዚህ ገደሉት። አጎትየው ያየው እጅ አለ፤ እጁም እዚህ ቆሟል። ካቴና!»

መምሪያ ኃላፊው ራሳቸውን ነቀነቁ። የካቴናው ድምፅ ተሰማ።

«ልጁ አልነበረም።»

ድምፁ በጣም ዝቅ ያለ ስለነበር መጀመሪያ ማን እንደተናገረ አልታወቀም። የሟቹ ሚስት ከወጥ ቤቷ በር ላይ ቆማለች። ጥቁር ለብሳለች። መጥታ ከፈሰሰው አሸዋ አጠገብ ቆመች።

«እትዬ፣ ኀዘን ላይ ነዎት፤ ይግቡ» አለ ኢንስፔክተሩ።

«እጁ የባሌ ነው» አለች። «ጓንቱ የእኔ ነው። ድስት የማወርድበት።»

ሳጅኗ ወደ እሷ ተጠጋች።

«ሲመጡ ቤት ገብቶ ሻይ ይጠጣል» አለች ሴትዮዋ። «ሁልጊዜ። እስኪያሳጥሩ ድረስ ጀርባውን ይሰጣቸዋል፤ ከዚያ ወጥቶ ይለካቸዋል። ሁሉም ያውቃሉ፤ ማንም አይናገርም። ያን ጠዋት ሻዩን ቀዳሁለት። በመስኮት አየና ‹ማንም አልወረደም፤ ልጁ እንቅልፍ ጥሎት ይሆናል፤ ዛሬ እኔ ልያዝላቸው› አለ። ጓንቱን ከምድጃው ላይ አንስቶ ወጣ። ከዚህ ሆኜ አየሁት። ታኮውን ከጎማው ኋላ አድርጎ፣ መሃል ገብቶ ‹ና፣ ና› ሲል አየሁት። ከዚያ ዳቦ ልቆርጥ ዞርኩ።»

ቀስታ በቆመበት ጠጠሩ ላይ ተቀመጠ።

«የተጣሉትስ?» አለ ኢንስፔክተሩ፤ ድምፁ ግን የቅድሙ አልነበረም።

«መታጠፊያውን ሳታልፉ አንገቱን አታውጡ ስላላቸው ነው። ያ መታጠፊያ ብቻ ነበር የሚያስጨንቀው።»

መምሪያ ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኅቴ፣ የሚሉትን ያስቡበት። ለሕገ ወጥ ሥራ ሲተባበር ሞተ ከተባለ፣ ቤቱ…»

«ሌሊቱን ሙሉ ሳስብበት ነው ያደርኩት» አለች። «ልጆቼም ያውቃሉ። ዕቃችንን እያሰርን ነው።»

ሳጅኗ የማንንም ትእዛዝ ሳትጠብቅ የካቴናውን ቁልፍ ከኪሷ አወጣች።

«ግን እኮ ጋሽ ሜትር…» አለ ኢንስፔክተሩ። «አንዲት ጣት… አገር ሁሉ የሚያውቀው…»

ሴትዮዋ አየችው። አልተቆጣችም።

«ከመለስኳቸው ከነርዝመታቸው ኬላ በሌለው በሌላኛው የገደል መንገድ ይሄዳሉ ይል ነበር» አለች። «አንድም ሰው መልሶ አያውቅም።»